ለአራት መሣሪያ አንድ የመወልወያ ሳጥን ይበቃል?

ጥያቄው የመጣው ከኮሎራዶ ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦

«ጋሼ፣ አራት መሣሪያ አለኝ። ለቤት ጥበቃ ግሎክ 19 ሽጉጥ እና ባለ 12 ጌጅ ፓምፕ ሾትገን፣ ለዒላማ ልምምድ .22 ሩገር 10/22። በቅርቡ ደግሞ ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥተው እዚህ ከተሸጡት ውስጥ አንድ ቤልጅግ፣ የቤልጅየም ሥራ ማውዘር ጠመንጃ፣ ገዛሁ። አያቴ የያዙት እሱን ነበር። ሱቅ ውስጥ ‹ለሁሉም መሣሪያ› የሚል የእንጨት ሳጥን አየሁ፤ ስድሳ ምናምን ዕቃ አለው፣ ዋጋውም 40 ዶላር ነው። እሱን ልግዛ? ወይስ ጓደኞቼ እንደሚሉት ደብሊውዲ-40 የሚባለው የሚረጭ ቅባት እና አንድ ቦር ስኔክ፣ በአፈሙዝ ውስጥ የሚሳብ የመወልወያ ገመድ፣ ይበቃኛል? አያቴ በላምባ ወልውለው ቅቤ ይቀቡት ነበር፤ ምንም አልሆነም። ቤልጅጉን በርካሽ የድሮ ወታደራዊ ጥይት ልተኩስበት አስቤያለሁ።»

ሳጥኑን አትግዛ። ደብሊውዲ-40ም ብቻውን አይበቃህም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሳጥኑ አይደለም። «ርካሽ የድሮ ወታደራዊ ጥይት» ያልካት ነገር ናት። ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግህ ከመሣሪያው እኩል የሚወስነው የምትተኩሰው ጥይት ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

የድሮ ወታደራዊ ጥይት ቂጡ ላይ ያለችው መለኮሻ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ክሎሬት አለባት። ጥይቱ ሲተኮስ ክሎሬቱ ኦክስጅኑን ይለቅና ፖታሲየም ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል። ይሄ ጨው ነው፤ ወጥ ውስጥ ከምትጨምረው ጨው ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። አፈሙዙ ውስጥ በዓይን በማይታይ ስስ ሽፋን ይለጠፋል። ከዚያ የአየሩን እርጥበት እየሳበ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጨው በዘይት አይሟሟም። በላምባም አይሟሟም። ሱቅ ያለው የመሣሪያ ዘይት ምርጡ እንኳ አያሟሟውም። የሚያሟሟው ውሃ ነው። አፈሙዙን ዘይት በነካ ጨርቅ ደጋግመህ ስትወለውል ጥቀርሻው ይወጣል፣ ጨርቁም ነጭ ይሆናል። ጨው ግን ከዘይቱ ስር ቁጭ ብሏል። ከጥቂት ቀን በኋላ ጨርቅ ብትልክበት ብርቱካንማ ሆኖ ይመለሳል። «በደንብ ወልውዬው ነበር እኮ» እያሉ ውስጡ የተቦረቦረ ጠመንጃ ይዘው የሚመጡልኝ ሰዎች አይዋሹም። በርግጥ ወልውለውታል። በተሳሳተ ነገር ነው እንጂ።

«የመስታወት ማጽጃ እረጭበታለሁ፣ አሞኒያው ጨውን ይገድለዋል» የሚልም አለ። አሞኒያ ከጨው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። አሞኒያ የሚያሟሟው ጥይቱ አፈሙዙ ውስጥ ጥሎት የሚሄደውን መዳብ ነው። ያ ሰማያዊ ፈሳሽ የሚሠራው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ብቻ ነው። ታዲያ ውሃ ቤትህ ቧንቧ ላይ አለልህ።

አደራረጉ ከባድ አይደለም። ውሃ አፍላ። የቤልጅጉን መዝጊያ፣ ቦልት የምንለውን፣ አውጣ። ቀጭን የጎማ ቱቦ የተገጠመለት ትንሽ ማንቆርቆሪያ ወይም ፈነል ጥይት በሚጎርስበት በኩል አስገባና ውሃውን በአፈሙዙ በኩል ልቀቀው። ቱቦው ያስፈለገው ውሃው ወደ እንጨቱ እንዳይገባ ነው። ሁለት ሦስት ኩባያ ይበቃል። ብረቱ በደንብ ስለሚግል ራሱን በራሱ ያደርቃል። ጓንት አድርግ፣ አፈሙዙ ያቃጥልሃል። የቦልቱን ፊትም በፈላ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረገው፤ ጨው እዚያም ይደርሳል። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ የተለመደው ጽዳት፣ በመጨረሻ ዘይት። ይሄ ሁሉ የተኮስክበት ቀን ማታ መደረግ አለበት። ለነገ አይባልም።

ኮሎራዶ ደረቅ አገር በመሆኑ አትዘናጋ። ዝገቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። አንድ ዝናባማ ሳምንት ወይም እርጥበት ያለው ምድር ቤት ይበቃዋል።

የትኛው ጥይት ጨው አለው? ለቤልጅግህ የሚሆነው 7.92 በ57 ነው፤ እዚህ አገር 8 ሚሊሜትር ማውዘር ይሉታል። በርካሽ ሲሸጥ የኖረው የድሮ የቱርክ፣ የዩጎዝላቪያና የሮማኒያ ወታደራዊ ጥይት ነው፤ ጨው አለው ብለህ ያዘው። «ቀለሁ ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች ቆጥረህ ታውቃለህ» የሚሉህን አትስማ። ሁለት ቀዳዳ ያለው ቀለህ ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ኬሚካሉ አይነግርህም። ጨው የሌለው ባለ ሁለት ቀዳዳ ጥይት በየፋብሪካው ይሠራል። ከተጠራጠርክ ጨው አለው ብለህ በውሃ እጠብ። በውሃ ታጥቦ በደንብ ደርቆ በተቀባ ጠመንጃ የተጎዳ የለም።

የኔ ምክር ግን የድሮውን ጥይት ከነጭራሹ አትተኩሰው ነው። አዲስ የአሜሪካ ፋብሪካ 8 ሚሊሜትር ግዛ። ጨው የለውም። በዚያ ላይ የአሜሪካ ፋብሪካዎች በዕድሜ የገፉ ጠመንጃዎችን እያሰቡ ከወታደራዊው ቀለል ባለ ግፊት ነው የሚሠሩት። ለአሮጌ ጠመንጃም ለትከሻህም ይሻላል። ዋጋው ይጨምራል፤ አፈሙዝ ማስቀየር ደግሞ ከዚያ በላይ ይጨምራል።

አሁን ወደ አያትህ ላምባና ቅቤ። ላምባ የሚናቅ ነገር አይደለም። ጥቀርሻና የደረቀ ቅባት በደንብ ያነሳል። ዛሬም እዚህ አገር በቤት የሚቀመሙ ማጽጃዎች ውስጥ ይገባል። ጉድለቱ ከተነነ በኋላ ብረቱን ራቁቱን ጥሎት መሄዱ ነው። ስለዚህ ቅቤ ተጨመረ፤ ከምንም ይሻላል። ግን ቅቤ የምግብ ስብ ነው። ለጋው ውሃ አለው። ሲቆይ ይሻግታል፣ ሲሻግት አሲድ ይሆናል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ብርድ ሲመታው ይረጋል። ኮሎራዶ በጥር ወር በቅቤ የተቀባ ቦልት መሳብ ትችል እንደሆነ አላውቅም። የኑግ ዘይትና ሌላውም የምግብ ዘይት እንዲሁ ነው፤ እየደረቀ ሙጫ ይሆናል። የተነጠረ ቅቤ ከሆነ ደግሞ ኮረሪማው ለአፈሙዝ የሚጨምርለት ጥቅም የለም። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይትም አትጠቀም። የብረት ብናኝና አሲድ አለበት። «ምንም አልሆነም» ያልከውን ለማረጋገጥ የገዛኸውን ቤልጅግ ቦልቱን አውጥተህ በባትሪ ከኋላ እየው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ጠቆር ብሎ የተነቃቀለ ነው። ያ ጨው የሠራው ሥራ ነው።

ደብሊውዲ-40ን በተመለከተ ጓደኞችህ ግማሽ ልክ ናቸው። ስሙ ራሱ ውሃ ለማባረር የተሠራ 40ኛው ቅመም ማለት ነው። እንግዲህ የሠሩት ሰዎች የሚችለውን ስሙ ላይ ጽፈውልሃል። ከፈላ ውሃው በኋላ በየጥጉ የቀረውን እርጥበት ለማስወጣት ጎበዝ ነው። ግን የሚተወው ሽፋን ስስ ነው። እንደ ማለስለሻ አይቆይም፣ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫም አይሆንም። በላዩ ላይ ትክክለኛ የመሣሪያ ዘይት ይሂድ።

ስለ ዕቃው እንነጋገር። ያ የእንጨት ሳጥን ችግሩ ርካሽ መሆኑ አይደለም። ስድሳ ዕቃ ውስጥ ላንተ የሚሆኑት ምናልባት አሥር ናቸው። የቀሩት ለሌለህ ካሊበር፣ ማለትም የአፈሙዝ ስፋት፣ የተሠሩ ብሩሾች ናቸው። ዋናው ዕቃ፣ ዘንጉ፣ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። በሦስት ወይም በአራት ቁራጭ የሚቀጣጠል አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ አሸዋና ብናኝ ገላው ላይ ይሰካል። ከዚያ ዘንጉ ራሱ ሞረድ ይሆናል። መጋጠሚያዎቹ ጠርዝ አላቸው። ገፋ ስታደርገው ይጎብጥና በአፈሙዙ ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ ቦዮች ይፍቃል። ጠመንጃ በተኩስ ብዛት ከሚበላሸው ይልቅ በመጥፎ ዘንግ የሚበላሸው ይብሳል ባይ ነኝ። በተለይ የአፈሙዙ ጫፍ ጠርዝ። ጥይቱ ጠመንጃውን ሲለቅ በመጨረሻ የሚነካው ነገር እሱ ነው። አንድ ወገኑ ከተፋቀ ጥይቱ ወደ ጎን ይስታል፤ የማነጣጠሪያ መነጽርም ቢሆን አያድነውም።

ክላሽ የያዛችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰደፉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የብረት ቱቦ አይታችኋታል? ብሩሽና መፍቻ የምትይዘዋ። ቱቦዋ ራሷ ለዘንጉ እጀታ ትሆናለች። ክዳኗ ደግሞ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ተገጥማ ዘንጉ ጠርዙን ሳይነካ መሃል ለመሃል እንዲገባ ትመራዋለች። ለምን እንደተሠራች ሳያውቅ ክዳኗን የሚጥላት ብዙ ነው። እኔ ከዚያ ቱቦ አንድ ነገር ብቻ አስቀር ብባል እሷን ነው የማስቀረው።

ስለዚህ ሕጉ ይሄ ነው፦ ከኋላ መግባት ከተቻለ ከኋላ ግባ። ካልተቻለ ከፊት መሪ አድርገህ ግባ፣ ወይም በዘንግ ፋንታ የሚሳብ ገመድ ተጠቀም። ያንተ አራቱ መሣሪያዎች በዚህ ሕግ ሲታዩ አራት የተለያየ መልስ አላቸው።

ቤልጅጉ ቦልቱ ስለሚወጣ ከኋላ ይወለወላል። ገንዘብህን እዚህ አውጣ። አንድ ወጥ፣ በፕላስቲክ ወይም በናይለን የተሸፈነ፣ እጀታው የሚሽከረከር፣ ለ.30 ካሊበር የሚሆን ረጅም ዘንግ ግዛ። እጀታው ለምን ይሽከረከራል ካልክ ብሩሹ ቦዮቹን ተከትሎ እንዲዞር ነው። ከዘንጉ ጋር በቦልቱ ቦታ የሚገባ የፕላስቲክ መሪ፣ ቦር ጋይድ የሚሉት፣ ያዝ። ሶልቬንቱ፣ ማለትም ማጽጃ ፈሳሹ፣ ወደ ቃታው ቤትና ወደ እንጨቱ እንዳይፈስም ይከላከላል። ብሩሹ የ8 ሚሊሜትር ይሁን። ሻጩ «የ.30 ብሩሽ ይሆናል» ካለህ አይሆንም። የጥይቱ ውፍረት 8.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የ.30 ብሩሽ ውስጡ ይላላል፣ ቦዮቹ ታች አይደርስም።

ሩገር 10/22 ሌላ ታሪክ ነው። አብዛኞቹ ከኋላቸው ቀዳዳ የላቸውም። አፈሙዙን ካልፈታህ ዘንግ ከኋላ አይገባም። ለሱ ነው ቦር ስኔክ የምፈቅድልህ። ናይለን የተለበጠ የሚሳብ ሽቦ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ጨርቁን በየጊዜው ትቀይራለህ። ቦር ስኔክ ግን ቆሻሻውን እዚያው ይዞ ስለሚከርም እየታጠበ ካልሆነ የትናንቱን ጥቀርሻ ዛሬ መልሰህ ታስገባዋለህ። ደግሞም የ.22ን አፈሙዝ አታብዛበት። ጥይቱ ለስላሳ እርሳስ ነው፣ ሰም ተቀብቷል፣ አፈሙዙን እምብዛም አይጎዳውም። ዒላማው መበተን ሲጀምር ወልውለው። ቆሻሻው ያለው ቦልቱና ካዝናው አካባቢ ነው። እዚያ ጋ አሮጌ የጥርስ ብሩሽህን አምጣ። ኤአር-15 ለመግዛት ካሰብክ የ.22 ብሩሽህ ይሆነዋል፤ የአፈሙዙ ስፋት ተቀራራቢ ነው። ለጥይት መጉረሻው ግን የራሱ ወፍራም ብሩሽ አለው።

ግሎኩ ይፈታል፣ አፈሙዙም በእጅህ ይወጣል። እዚህ ምንም ምስጢር የለም። አጭር ዘንግ፣ የ9 ሚሊሜትር ብሩሽ፣ ከኋላ ወደ ፊት። ስህተቱ የሚሠራው በዘይቱ ነው። ሰው ግሎክን እንደ ስፌት መኪና ዘይት ያጠጣዋል። የሚፈልገው ጥቂት ጠብታ ነው፦ ስላይዱ፣ ላይ ያለው ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ብረት፣ በሚሄድባቸው ሐዲዶች ላይ፣ አፈሙዙ ከውጭ፣ እና ከኋላ የቃታው ዘንግ ከማገናኛው ጋር በሚነካካበት ቦታ አንድ ጠብታ። መለኮሻዋን የሚመታው መርፌ የሚመላለስበት ቀዳዳ ደረቅ መሆን አለበት። ዘይት ከገባበት ከብናኝ ጋር ተቦክቶ መርፌውን ያዘገየዋል። ያን ጊዜ ቃታ ትስባለህ፣ ቀጭ ይላል፣ አይተኩስም።

ሾትገኑ ከሁሉም ቻይ ነው። ውስጡ ልሙጥ ነው፣ ቦይ የለውም። ስፋቱም 18.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከላይ ያወገዝኩት የሚቀጣጠል ዘንግ ለዚህ ምንም አይልም። እንጨትም ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በል፦ የአሜሪካ ሾትገን ብሩሾች የብሎን ጥርስ ከጠመንጃ ዘንግ ይለያል። የጠመንጃው 8-32 ነው፣ የሾትገኑ 5/16-27። መሃላቸው የምትገባ ትንሽ የናስ ማገናኛ አለች፣ ከሳንቲም የምትሻል ዋጋ የላትም፤ አብረህ ግዛት። ሾትገን ውስጥ የሚቀረው ፕላስቲክ ነው፣ ጥይቱ ውስጥ ፍሬዎቹን ከሚይዘው ኩባያ የሚቀልጥ። ጫፉ ላይ የሚፈታ ቾክ፣ የአፈሙዙን መውጫ የሚያጠብ አጭር ቱቦ፣ ካለው አውጣው፣ ጥርሱን አጽዳ፣ ትንሽ ግራሶ ቀብተህ መልሰው። ሳይፈታ ዓመታት የቆየ ቾክ አንዳንዴ ጨርሶ አይፈታም።

ለአራቱም የጋራ የሚሆኑት ጥቂት ናቸው። ባሩድ የሚያሟሟ አንድ ሶልቬንት በቂ ነው። ከ1903 ጀምሮ የሚሸጠው ሆፕስ ቁጥር 9 ዛሬም ይሠራል፤ ሽታውን የሚወዱም አሉ፣ ባለቤትህ ከነሱ አንዷ አትሆን ይሆናል፣ ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ በር ከፍተህ ሥራ። ሲኤልፒ የሚባለው ማጽጃም ማለስለሻም መከላከያም ነኝ ይላል። ሦስቱንም በመጠኑ ያደርጋል። ለግሎክና ለኤአር ጥሩ ነው። መዳብን ግን እምብዛም አይነካም፣ ጨውን ደግሞ ጭራሽ። ዘይት አንድ ብልቃጥ፣ ግራሶ አንድ ትንሽ ቲዩብ ያዝ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ለሚሽከረከር ዘይት፣ ለሚንሸራተትና ለሚጫን ግራሶ፤ ለግሎኩ ሐዲዶች ግን ከላይ ያልኩት ጠብታ ዘይት ይበቃል።

ብሩሹ ነሐስ ይሁን። አፈሙዝ ውስጥ የብረት ሽቦ ብሩሽ አታስገባ፣ ማንም ቢሸጥልህ። አሞኒያ ያለበት የመዳብ ማጽጃ ከተጠቀምክ ግን ነሐሱን ራሱን ይበላዋል፤ ለዚያ የናይለን ብሩሽ ያዝ። ጨርቅ የሚይዘው የናስ ጫፍ፣ ጃግ የሚባለው፣ እንዲሁ ያታልልሃል። ጨርቁ ሰማያዊ እየሆነ ሲወጣ መዳብ አልወጣም ብለህ ደጋግመህ ትፈትጋለህ። የሚሟሟው ጃጉ ነው። ብሩሹን አፈሙዙ መሃል ላይ አቁመህ ወደ ኋላ አትመልሰው፤ ጫፍ እስኪወጣ ግፋና መልስ። ጨርቁን ከአሮጌ ነጭ የጥጥ ቲሸርት መቁረጥ ትችላለህ፣ መግዛት ግድ አይደለም። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ጥቂት የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር ጨምር፤ ሞላ ዘሎ ዓይን ሊመታ ይችላል። ካቻቢቴ ካስፈለገህ ደግሞ ጫፉ የብሎኑን ስንጥቅ በልኩ የሚሞላ የመሣሪያ ካቻቢቴ ይሁን። የቤቱ ካቻቢቴ የቤልጅጉን ብሎን ራስ ይልጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ዋጋውም ይልጣል።

ሥራ ከመጀመርህ በፊት ጥይት ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። በግሎክ ላይ ቅደም ተከተሉን አታገላብጥ፦ መጀመሪያ ካዝናው፣ ቀጥሎ ስላይዱ። መጀመሪያ ስላይዱን ከሳብክ የወጣውን ጥይት ተክቶ ሌላ ይጎርሳል። ግሎክን ለመፍታት ደግሞ ቃታውን መሳብ ግድ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርጋቸው ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልገኝም። መጉረሻውን በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስ፣ ቃታ ስትስብም ወደማይጎዳ አቅጣጫ አዙር። ሾትገኑ ጥይት የሚይዘው ከአፈሙዙ ስር ባለው ቱቦ ነው። መጉረሻው ባዶ ሆኖ ቱቦው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አፈሙዙን ብርሃን አስይዘህ ከኋላ እይ። ውስጡ የተረሳ ቁራጭ ጨርቅ አፈሙዝ ሊያፈነዳ ይችላል።

ይሄን ሁሉ ወጥ ቤት ውስጥ አታድርግ። የመለኮሻው ጭስ እርሳስ አለበት፣ የ.22 ጥይት ራሱ እርሳስ ነው። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ከባድ መርዝ ነው፤ መጠኑ ትንሽም ቢሆን። እንጀራ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ የመሣሪያ ጨርቅ አይዘረጋም። ጓንትህን አውልቀህ እጅህን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠብ፣ ከዚያ ቡናህን ጠጣ። ልጆች ካሉህ ደግሞ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ልጅ ሊደርስበት የሚችል መሣሪያ እንዲቆለፍ በሕግ ያስገድዳል። ፈትተህ ያስቀመጥከው ሽጉጥም መሣሪያ ነው፤ «እየወለወልኩት ነበር» ብለህ ስልክ ለማንሳት አትውጣ።

የቤልጅጉን እንጨት ቫርኒሽ አትቀባው፣ በሸካራ ወረቀትም አትፈግፍገው። በአሮጌ ጠመንጃ ላይ የአንበሳው ምልክትና የአማርኛው ጽሑፍ ናቸው ዋጋው። ብረቱ ላይ ያለውን የላይ ዝገት ዘይት ነክረህ 0000 በሚባለው ረቂቅ የብረት ሱፍ ቀስ ብለህ አንሳ፣ ጽሑፉን ሳትነካ። እንጨቱ ከደረቀ የተልባ ዘይት በጣትህ እያሸህ አጠጣው፣ በጣም ስስ አድርገህ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨባብጦ ሲጣል ራሱን በራሱ እያሞቀ እሳት ያስነሳል። ወሬ አይደለም፣ ቤት የተቃጠለበት ነገር ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግተህ አድርቀው፣ ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ከድነህ አስቀምጥ።

እንግዲህ በቅደም ተከተል የምትገዛውን ልንገርህ። መጀመሪያ ለቤልጅጉ አንድ ወጥ የተሸፈነ ዘንግና መሪው፤ ከጠቅላላው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ለሱ ይሂድ፣ ቢከብድህም። ቀጥሎ ሦስት የነሐስ ብሩሽና ሦስት ጃግ፦ የ8 ሚሊሜትር፣ የ9 ሚሊሜትር፣ የ12 ጌጅ። ለ.22 የሚሳብ ሽቦ። አጭር የሽጉጥ ዘንግ። ለሾትገን ከርካሹ የሚቀጣጠል። ከዚያ አንድ ሶልቬንት፣ አንድ ዘይት፣ አንድ ግራሶ። የመዳብ ማጽጃውን አሁን አትግዛ፤ ቤልጅጉ ዒላማ መሳት ሲጀምር ትገዛዋለህ። ሁሉንም በአንድ የፕላስቲክ የመፍቻ ሳጥን አስቀምጥ፣ ብሩሾቹን በየካሊበራቸው በትናንሽ ከረጢት ለይና ጻፍባቸው። የ9 ሚሊሜትር ብሩሽ በስህተት ቤልጅጉ ውስጥ ከገባ ይቀረቀራል፣ እሱን ማስወጣት የእኔ ሥራ ይሆናል።

ቤልጅጉን ግን ገና አትተኩሰው። የቦልቱ ቁጥርና የአካሉ ቁጥር አንድ መሆናቸውን አይተህ መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ውሰደው። በመጋዘን ውስጥ ቦልቶች ይቀያየራሉ። ጠጋኙ ጥይቱ ሲጎርስ በቦልቱና በመጉረሻው መካከል የሚቀረውን ክፍተት በመለኪያ ይለካልሃል፤ ሄድስፔስ በለው፣ ይገባዋል። ክፍተቱ ከልኩ ካለፈ ቀለሁ ፊትህ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ዘንጉን ግዛና የውስጡን ቆሻሻ አውጣለት፤ ጠጋኙም አፈሙዙን አይቶ የሚፈርደው ንጹሕ ሲሆን ነው።